የአራተኛው ቸርኬ ምራቂ

እኔ የማውቀው ሰው ከባድ ነገር ሲወድ ነው። ወረታ ውስጥ፣ በአንድ የሩዝ መፈተጊያ ቤት፣ ሚዛን ላይ ተቀምጬ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጆንያዬ ቀለለልኝ ብሎ የፈነደቀ ገበሬ አላየሁም። የፎገራ ገበሬ ሩዙን በአህያም በጋሪም በባጃጅም ጭኖ ይመጣል፣ ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ይተከላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፊቱ ይፈታል፤ ዝቅ ካለ እኔን ይረግማል። ቀላል ነገር በእኛ ቤት ገለባ ነው። ገለባውን ማሽኑ በኋላ በር በኩል ይተፋዋል፤ ነፋስ ሲነሳ ዓይናችን ውስጥ ይገባል፣ ሻያችን ውስጥ ይገባል፣ እናቱ ጀርባ ላይ በተኛ ሕፃን አፍ ውስጥ ይገባል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ፤ አሁንም እጠላዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ግን ቀላል ነገር ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። ለአራት የመኪና ቸርኬ። ቸርኬ ጎማው የሚለብሰው ክብ ብረት ነው፤ የእሱ ግን ብረት አይደለም፣ ካርቦን ነው አለኝ። እኔ ካርቦን የማውቀው ደረሰኝ ስቆርጥ ከሥር የማስገባውን፣ ጣት የሚያጠቁረውን ወረቀት ነው። «የወረቀት እግር ልታበጅላት ነው እንዴ?» ስለው ሳቀብኝ። ሲስቅ አፉን ወደ ጎን ያጣምማል። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው ሳቅ ነው፤ ድሮ አልነበረውም።

በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። አባታችን ሲሞት እሱ ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር፤ እናታችን ማሳ ስትውል አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። በጉርምስናው እኔ ከምሠራበት መፈተጊያ ጆንያ ይሸከም ነበር። ከዚያ ደላላ ሆነ፣ ከዚያ ነጋዴ ሆነ፣ የፎገራን ሩዝ አዲስ አበባ እያራገፈ አለፈለት። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል፤ የእኛው ግን በሰማይ አልመጣም፣ በአስፋልት ነው የመጣው፣ ያቺን መኪና እያስጮኸ።

ቀይ ናት። ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር አይርቅም። ማርሚታዋ፣ የጭስ ማውጫዋ ማለቴ ነው፣ ሆን ተብሎ ተቀይሯል። ሰው መኪናው እንዳይጮህ ማርሚታ ያሠራል፤ የእኔ ወንድም እንዲጮህለት አሠራ። አገራችንን የሚያውቅ ይፍረደኝ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ይሆናል፤ መሬቱ የበሬ እግር የሚውጥ መረሬ ነው። አስፋልቱ ከባሕር ዳር ተነስቶ በሐሙሲት አድርጎ፣ ወረታን ሰንጥቆ ወደ ጎንደር ያልፋል፤ ከእሱ ውጭ ያቺ መኪና የምትረግጠው አንድ ጋት መሬት የለም። አስፋልቱም ቢሆን ጉድጓድ አለው፣ ላም አለው፣ ዳር ዳሩ ላይ ሩዝ ያሰጣ ሰው አለው።

በመጣ ሰሞን «እታለም፣ ነይ እስከ ሐሙሲት አድርሼ ልመልስሽ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ውስጧ የበሰበሰ ከረሜላ የሚመስል ሽቶ ይሸታል። ወንበሩ እንደ ጉድጓድ ነው፤ ከገቡ መውጫው ጭንቅ ነው። ሐሙሲት ሳንደርስ አስቆምሁትና መንገድ ዳር አስመለሰኝ። ወንድሜ ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም። በሩ ተበክሎ እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ውኃ ሰጠኝ።

እናታችን ከእኔ ጋር ትኖራለች። ጉልበቷ ከተያዘ ቆይቷል፤ ከአልጋዋ እስከ በሩ በምርኩዝ ነው። እሱ አዲስ አበባ ሳለ መንገድ የተዘጋበት፣ ስልክም የጠፋበት ጊዜ ነበር። ለወራት ድምፁን ስታጣ «ልጄን በሰላም ከመለስህልኝ» ብላ ለጣራ ገዳም ጃንጥላ ተሳለች። ልጇ ተመለሰ፣ ጃንጥላው ተገዛ፣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። አውቶቡስ መሳፈር አትችልም፤ ባጃጅ ደግሞ አጥንቷን ይለያየዋል። ስለዚህ ስለቷን በልጇ መኪና ታደርሳለች ተባለ። ቀኑን የቆረጠው እሱ ነው፤ አዲሶቹ ቸርኬዎች ተገጥመው መኪናዋ «ልክ ከገባች» በኋላ። እናቴ በየማለዳው ዓይኗን ወደ ጃንጥላው እያነሳች «ጎማው መጣ?» ትለኝ ጀመር። የስለት ነገር እንደ ዕዳ ነው፣ በቁሟ ካላደረሰችው እንቅልፍ አይወስዳትም።

ወንድሜ ስለ ቀላል ቸርኬ ሲያስረዳ አፉ አይዝልም። መኪና ሲሄድ ሞተሩ ሁለት ሥራ አለበት አለኝ፤ መኪናዋን መግፋትና እግሯን ማሽከርከር። እግሯ ከከበደ ለመነሳት ትለግማለች፣ ለመቆምም ትለግማለች። ቸርኬው ከቀለለ ግን ፈጥና ትነሳለች፣ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ ትቆማለች፣ መሪው ይታዘዛል፣ ጉድጓድ ስትመታ ጎማው ቶሎ ወደ መሬቱ ይመለሳል። እውነቱን መናገር ካለብኝ ነገሩ ሐሰት አልመሰለኝም። በክረምት መረሬ የረገጠ ሰው ያውቀዋል፤ ጀርባው ላይ ከተሸከመው ጆንያ ይልቅ ጫማው ሥር የተጋገረው ጭቃ ነው ጉልበቱን የሚጨርሰው። ይህን ስለው ደስ ብሎት አቀፈኝ፤ «አየሽ፣ ገባሽ!» አለኝ። ገብቶኛል። ያልገባኝ ወረታ ላይ ፈጥኖ ተነስቶ የት እንደሚደርስ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ወደ ደብረ ታቦር መታጠፊያው ላይ ጎማ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጎሚስታው ነው የምንላቸው። ወንድሜ ምክር ሊጠይቅ ሳይሆን ሊመካባቸው ስልኩ ላይ ያለውን ሥዕል አሳያቸው። እሳቸው በቅባት የጠቆረ ጣታቸው ስልኩን እንዳይነካ እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው፣ አንገታቸውን ብቻ አስግገው አዩት።

«የጎበጠ ጊዜ በመዶሻ ይቃናል?» አሉት።

«አይቃናም፣ ጋሼ። ይጣላል እንጂ።»

«ብረቱኮ፣ ልጄ፣ ሲመታ ይጎብጣል። ጎብጦ ‹ተመትቻለሁ› ይልሃል። ይኸ ምን ብሎ ይነግርሃል?»

ወንድሜ «አይመታም» አለ። ሽማግሌው ወደ ጎማቸው ተመለሱ። እኔ ያን ጊዜ አጠገባቸው ነበርሁ፤ የሳቁ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ፣ አልሳቁም።

ቸርኬዎቹ የመጡ ቀን ሩዝ የሚጎርፍበት ወቅት ነበር። የመፈተጊያው ግቢ በጆንያ ሞልቷል፣ ገበሬው ከሌሊት ጀምሮ ተራ ይዟል። ወንድሜ መኪናዋን በሩ ላይ ገትሮ ከሦስት ነጋዴ ጓደኞቹ ጋር ገባ። አራቱ ቸርኬዎች ጎማ አልለበሱም፣ በስፖንጅ ተጠቅልለዋል። አዲስ አይደሉም፤ ውጭ አገር ጥቂት የተነዳባቸው፣ አዲስ አበባ ላይ ከአንድ ሻጭ የገዛቸው ናቸው። «እታለም፣ ሚዛንሽን ስጪን» አለኝና ሚዛኑ ላይ ወጥቶ የነበረ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ጆንያ እንዲወርድ አዘዘ። ሽማግሌው ጆንያቸውን እንደገና አስወርደው አጠገቡ ቆሙ። ወንድሜ በዚያው ግቢ ጆንያ ተሸክሞ ያደገ ነው፤ የወረደ ጆንያ እንደገና ማንሳት ምን እንደሆነ ወገቡ ያውቃል።

አንደኛው ጓደኛው ሱፍ እየፈለፈለ ቅርፊቱን ይተፋል። አንዱ ቅርፊት ሚዛኔ ላይ አረፈ። በመዳፌ ጠረግሁት፤ ምራቁ መዳፌ ላይ ቀረ።

መጀመሪያ ለማነጻጸሪያ ከመኪናዋ የኋላ ሻንጣ የወጣውን፣ ጎማ ያልለበሰ ትርፍ የድሮ ቸርኬ መዘንን። አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል። ቀጥሎ የካርቦኑን አስቀመጡት። ጥቁር ነው፣ እንደ ሸማ ድርና ማግ የተጠላለፈ መልክ አለው፣ ላዩ ያብረቀርቃል። ሰባት ኪሎ ከስምንት መቶ። አጨበጨቡ። ገበሬዎቹም ምኑ እንደሆነ ሳያውቁ ቀረብ ብለው አዩ። ሁለተኛው ሰባት ኪሎ ከስምንት መቶ። ሦስተኛውም ያው። አራተኛው ስምንት ኪሎ ከሁለት መቶ።

አወረድሁት፣ የሚዛኑን መፈተሻ ብረት ጭኜ አየሁ፤ ሚዛኑ ልክ ነው። መልሼ ጫንሁት። ስምንት ኪሎ ከሁለት መቶ።

በእኛ ገበያ ሻጭ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ ከላይ ጣል የሚያደርገው ጭማሪ ምራቂ ይባላል። ያለ ምራቂ የሚሸኝ ሻጭ ስሙ አይነሳም፤ ምራቂ ያገኘ ገዢ ደግሞ ቀኑ የተባረከለት ያህል ነው። ሱፍ የሚፈለፍለው ሰውዬ እጁን አጨብጭቦ «እሰይ! አራተኛዋ ምራቂ አላት!» አለ። ሁሉም ሳቁ። «ምራቂ ያለው ዕቃ በረከት አለው» አለ ሌላው። ወንድሜ ፊቱ ጨለም ብሎ ነበር፣ ሳቁን ሲሰማ እሱም ሳቀ፤ አፉን ወደ ጎን አጣመመና «ምራቂ ነው፤ ያለዚያ የእታለም ሚዛን ከሩዝ በቀር ካርቦን አይቶ አያውቅም። የገጠር ሚዛን!» አለ።

እኔ ግን አውቄ ነበር። ከአንድ አውድማ ተሰፍረው፣ በአንድ ልክ ተሞልተው ከመጡ ጆንያዎች አንዱ ብቻ ከከበደ፣ ወይ ሥሩ ውኃ ጠጥቷል ወይ መካከሉ ድንጋይ አለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ የእኔ ሥራ ይህን መጠርጠር ነው። እንዲህ ያለ ጆንያ ሲያጋጥመኝ በጠመኔ መስቀል አደርግበታለሁ። ተሸካሚዎቹ መስቀሌን ሲያዩ ጆንያውን ለብቻ ያስቀምጡታል፣ ሳይከፈትና ሳይታይ አያልፍም። ቸርኬው ጆንያ አይደለም፤ ግን ወንድሜ እየሳቀ ሳለ እጄን ጎማው በሚያርፍበት ወገቡ ላይ አሳለፍሁ። አንድ ቦታ ላይ፣ መዳፍ በሚያህል ስፋት፣ ያ የሸማ መልክ ተቋርጧል። በላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ጫር ባደርገው ጥፍሬ ሥር ነጣ ያለ ዱቄት ገባ። የመኪና ቆርቆሮ ሲጎዳ የሚለቀልቁበት ስቱኮ ነው። የተሰበረ ነገር ተሞልቶ፣ ተቀብቶ፣ እንደ ደህና ተሸጧል።

አፌን ከፍቼ ነበር። «የገጠር ሚዛን» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ነው የደረሰኝ። ሚዛኔን! ሃያ ዓመት ማንም ጣቱን ያልቀሰረበትን፣ ገበሬ የሚምልበትን ሚዛን፣ ጆንያ ሲሸከምበት ያደገው ልጅ ቅርፊት ለሚተፉ ሰዎች መሳቂያ አደረገው። ሽማግሌው ገበሬ አሁንም ጆንያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ይቅመሳት፣ አልሁ በልቤ። አፌን ዘጋሁ። ቸርኬዎቹን ጠቅልለው ወጡ።

ሰው ይህን ሲያነብ «አንድ ቀን ተናደደች፣ በማግስቱ ትነግረዋለች» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብሁት። ግን በማግስቱ ባሕር ዳር ሄዶ አስገጠማቸው፤ የእኛን ጎሚስታ በፌሮ ብረትና በመዶሻ ነው የሚሠራው ብሎ አላስነካቸውም። እዚያም ማንም ምንም አላለውም። ተመልሶ ሲመጣ አራቱም ጎማ ለብሰው ያብረቀርቃሉ፣ ነውሩ ከጎማው ሥር ተሸፍኗል። እንግዲህ ምን ብዬ ልንገረው? እኔ የሩዝ መዛኝ ነኝ፣ የካርቦን ነገር ምን አውቃለሁ? ምናልባት እንዲያ ተደርጎ የሚሠራ ይሆናል። ራሴን እንዲህ እያልሁ አታለልሁ። በበነጋውም ልነግረው ተነስቼ ነበር፤ ግን በየቀኑ አንድ የሚያስጠላኝ ነገር አያጣም።

ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በፈረቃችን ቀን ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ከጎሕ ጀምሮ ይቆማሉ። አንድ ማለዳ ከተራ ስመለስ ወንድሜ እኔ በጀርባዬ ያመጣሁትን ውኃ በባልዲ ቀድቶ ቸርኬ ያጥባል። ያውም አንድ አንዱን ቀዳዳ በጣቱ እየፈተሸ። ሲጨርስ ማድረቂያ ፈለገና ገመድ ላይ የተሰጣውን የእናታችንን አሮጌ ነጠላ አወረደ። እናቴ ያንን ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትለብሰው። ጥለቱ በፍሬን አቧራ ጠቆረ። «ይታጠባልኮ» አለኝ። አጠብሁት፤ ሦስት ጊዜ አጠብሁት፣ አልለቀቀም። ያን ቀን ቢሰበር ራሱ ያውቃል ብያለሁ። ይህን ቃል በአፌ አላልሁትም፣ ግን ብያለሁ።

በየማለዳው ወደ ሥራው ሲሄድ በመፈተጊያው በር ያልፋል። ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርግልኛል። ጓደኞቹ ባሉበትም ያደርገዋል፤ የልጅነት ነገር አለበት። ሚዛኔ ላይ ሆኜ እጄን አነሳለታለሁ። አንዳንድ ቀን ቆም ብሎ «ግቢ፣ ቤት ላድርስሽ» ይለኛል። «ተወኝ፣ ሽታዋ ያጥወለውለኛል» እለዋለሁ። ሐሙሲት መንገድ ላይ የሆነውን ያውቃልና አያስገድደኝም። በባዶ እግሬ እንኳ ብሄድ አልገባባትም ብዬ ነበር። ለምን እንደማልገባ ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

የስለቱ ቀን ደረሰ። እናቴ ሳይነጋ ተነስታ ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ያቺን ነጠላዋን ግን ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፋ ነው የተከናነበችው። ጃንጥላው ላስቲኩ ወልቆ ጭኗ ላይ ነው። ወንድሜ መጣ። የዚያን ቀን ጓደኛ አላስከተለም፣ ማርሚታውንም አላስጮኸም። ጎንበስ ብሎ እናቱን እንደ ሕፃን አቀፋትና አነሳት።

«ከበድሁህ፣ ልጄ?» አለችው።

«ምን ትከብጃለሽ፣ እማ። ገለባ ሆነሻል» አለና ጉንጯን ሳማት። ሳቁ የድሮው ነበር፤ አፉ አልተጣመመም።

ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ አስቀመጣት፣ ከጉልበቷ ሥር ትራስ አደረገላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከወረታ እስከ ጣራ ገዳም ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ከባድ መኪና ያለበት፣ ቁልቁለትም ዳገትም ያለበት ነው። ሞተሩን ሲያስነሳ እግሬ ራሱ ተንቀሳቀሰ። ከመኪናዋ ፊት ሄጄ ሁለት እጄን ኮፈኗ ላይ ጣልሁ።

«አጥፋው! አትሄዱም!»

«ምን ሁነሽ ነው?»

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ያን ቃል ከተናገርሁ «መቼ አወቅሽ?» እንደሚመጣ አውቄ ዋሸሁ።

«ሕልም አየሁ» አልሁ። «ጎማ ሲወልቅ አየሁ። አራቱም ሳይታዩ እናቴን ይዘህ አትሄድም።»

ወንድሜ ተበሳጨ፤ «በሕልም መኪና አይፈተሽም!» አለ። እናቴ ግን አማተበች። «ሕልም አይናቅም፣ ልጄ። እባክህ ይታይልኝ» አለችው። እናቱ እባክህ ስትለው እምቢ ማለት አይችልም። ባጃጅ ልኮ ጎሚስታውን አስጠራ።

ሽማግሌው ክሪካቸውን ይዘው መጡ። እናቴ ከመቀመጫዋ አልወረደችም፤ በሩ ተከፍቶ፣ ጃንጥላዋን ታቅፋ ትጠብቃለች። እሳቸው ከኪሳቸው አንድ ቡሎን አወጡና በየቸርኬው ዙሪያ፣ ገንቦ እንደሚገዛ ሰው፣ እየቆረቆሩ አዳመጡ። የፊቶቹ ሁለቱ ጥርት ብለው ጮኹ። የኋላው ቀኝም ጥርት አለ። የኋላው ግራ ድምፁ እንደ እርጥብ እንጨት ደነዘዘ። ደግመው ቆረቆሩት። ከዚያ ወንድሜን ቀና ብለው አዩትና «ይውለቅ?» አሉት። ወንድሜ ራሱ አወለቀው።

ጎማውን ከቸርኬው ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ፌሮው እንዳይጭረው ጨርቅ እየጠቀለሉ ነው የሠሩት። ጎማው ሲወጣ ስቱኮው ታየ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ፣ ስንጥቁ ከሁለቱም ጫፍ ወጥቶ፣ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ሄዷል። በጣት ቢጫኑት ከፈት ዘጋ ይላል። ሽማግሌው «እግዚአብሔር ሲያተርፍ» አሉ። እኔ ተንፈስ አልሁ። ሕልሜ አዳነን ልል ነበር።

ከስንጥቁ ጎን፣ በጥቁሩ ላይ፣ ነጭ የጠመኔ መስቀል አለ።

መቼ እንዳደረግሁት አላስታውስም። ያን ቀን አፌን ስዘጋ እጄ የለመደውን ሠርቶ ኖሯል። ጎማው ሸፍኖት፣ ዝናብም አቧራም ሳይነካው፣ ልክ ትናንት እንደተሠመረ ሆኖ ተቀምጧል። ወረታ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሁሉ ያንን መስቀል ያውቀዋል፤ አንደኛው ክንዱ ረዘም ይላል፣ ከላይ ወደታች ስጎትት ስለምቸኩል ነው። ወንድሜ ሸክም በጀመረ ዕለት መጀመሪያ ያስተማርሁት እሱን ነው። «ይኸን ስታይ እንዳታሳልፈው፤ ይከፈት ማለት ነው» ብዬዋለሁ።

ቁጢጥ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። በጣቱ ሊነካው አስቦ እጁን መለሰ።

«የመዘንሽው ቀን ነው?» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናታችን እንዳትሰማ።

«አዎ።»

«ሽታዋ ያጥወለውለኛል ያልሽኝ ለዚህ ነው?»

ዓይኔን መስቀሉ ላይ ተከልሁ።

«እማ ዛሬ ባትገባባት፣ እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮስ?»

ጎሚስታው ጀርባቸውን ሰጥተውን ክሪካቸውን ማጽዳት ጀመሩ። ወንድሜ ሊሰድበኝ ይገባ ነበር፤ ሊጮህብኝ ይገባ ነበር። እንደዚያ ቢያደርግ ነጠላውንም፣ ሚዛኔንም፣ የወረደውንም ጆንያ ጠቅሼ እመልስለት ነበር፤ ሁሉንም ሰድሬ ይዣቸው ነበር። እሱ ግን ተነስቶ የድሮዎቹን ቸርኬዎች ከጓዳ ሊያወጣ ሄደ።

ስለቱ በሳምንቱ ደረሰ። በድሮው ቸርኬ፣ ሦስታችንም፣ ቀስ ብለን ሄድን። እኔም ገባሁ። ሽቶዋ እንደ ድሮው ነው፤ ግን ጥርሴን ነክሼ ቻልሁት፣ ምክንያቱም «አቁምልኝ» ለማለት አፍ አልነበረኝም። እናቴ ጃንጥላዋን በቁሟ አስረከበች። እስከ ዛሬ ለመጣ ጎረቤት ሁሉ የምትነግረው ግን ስለ ጃንጥላው አይደለም፣ ስለ ሕልሜ ነው። «ይቺ ልጄ ባታልም ኖሮ አልቀን ነበር» ትላለች። ወንድሜ አጠገቧ ከተቀመጠ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። አንድም ቀን አላጋለጠኝም። ይህ ከሁሉም ይብስብኛል፤ ሰው ራሱን ሲጠላ ሽታው እንዴት እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው፣ ከዚያች መኪና ሽቶ ይከፋል።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለ ሰው እህል አከማችቶ አያውቅም።

ወንድሜ አሁንም በየማለዳው በመፈተጊያው በር ያልፋል፤ ክላክስ አያደርግም። እኔ የማስበው እነዚያን ሦስት ሳምንታት ነው። በየማለዳው ሁለት ጊዜ ያሰማኝ ነበር። እኔም ሚዛኔ ላይ ተቀምጬ፣ ጠመኔ በያዝሁበት እጄ፣ ደህና ዋል እለው ነበር።